ሎተስ፣ ኦምና የላሊበላ መስቀል በአንድ ሎጎ ላይ?

የኮምቦልቻዋ እኅታችን ለአዲሱ የዮጋ ቡድናቸው የሎተስ አበባን፣ የኦምን ምልክትና የላሊበላን መስቀል አጣምሮ ሎጎ መሥራት ያስኬዳል ወይ ብለው ጠይቀዋል። እኛ ደሴ ላይ ያንኑ ሞክረነው ስለ ነበር፣ ሥዕሉን የሠራሁት እኔ እንደ መሆኔ፣ መልሴ አያስኬድም የሚል ነው።

ኦም በሂንዱ እምነት ጸሎት የሚከፈትበት ቅዱስ ድምፅ ነው፤ በቡድሂስቶችና በጃይኖች ዘንድም ይከበራል። ሎተስ ደግሞ ሥሩ ጭቃ ውስጥ ሆኖ አበባው ከውኃው በላይ ንጹሕ ሆኖ ስለሚፈካ የመንፈስ ንጽሕና ምሳሌ ነው። ይህን ሁሉ አንብቤ ነበር፤ ያላሰብኩት ለባሾቹን ነው። ቲሸርቱ ታትሞ በመጣ ሳምንት አንዲት ሙስሊም አባላችን መስቀል ያለበትን ልብስ መልበስ እንደሚቸግራት በትሕትና ነገረችን፤ የሌላዋ አባት ደግሞ ኦሙን እያሳዩ «ልጄ፣ ሃይማኖት ቀየርሽ እንዴ?» ብለው ጠየቋት። ጨረቃና ኮከብ ጨምረን እናመጣጥነው ያለም አልጠፋም፤ እኔ ግን ወሎ ውስጥ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በሰርግም በለቅሶም አብሮ ሲኖር የአንዱን ምልክት አንዱ ደርቦ ሲለብስ አላየሁም። (የምልክት ትርጉም በተመልካቹ እጅ ለመሆኑ የላሊበላዋን ቤተ ማርያም ያስታውሷት፤ ስዋስቲካ (ጫፎቹ የታጠፉ መስቀል) ቅርጽ ያለው መስኮት አላት፣ ለህንዶችም ቅርጹ የመልካም ዕድል ነው፣ ናዚዎች ከወሰዱት ወዲህ ግን ፈረንጅ ሲያየው ይደነግጣል።)

ሁለተኛው ሙከራዬ ከጦሳ ተራራ ጀርባ የምትወጣ ፀሐይ ነበረች። አንድ አዛውንት አይተው «ፀሐይ በጦሳ በኩል መውጣት የጀመረችው መቼ ነው?» አሉኝ፤ ጦሳ ከከተማው በስተ ምዕራብ ነው፣ እኛም የምንሠራው ማለዳ ነው።

በመጨረሻ ያገኘሁት እናቴ ስፌት ስትሰፋ አጠገቧ ተቀምጬ ነው። ሰፌድ ከእምብርቱ ይጀመርና በአክርማ እየተጠቀለለ፣ ዙሩ ሳይቋረጥ እየሰፋ ይሄዳል። ትንፋሽን ለማሳየት ከዚህ የቀረበ ቅርጽ አላገኘሁም፤ የሁሉም ቤት ዕቃ ስለ ሆነም ማንንም አያስከፋም።

ስለ አሠራሩ ይህን ያህል ልበል። መጀመሪያ በጥቁር ብቻ ይሥሩት፤ ቀለም በኋላ ይደርሳል፣ በስልክ ላይ የሚያበራውም ቀለም በኅትመት ይደበዝዛል። ፋይሉ ቬክተር (በነጥብ ሳይሆን በመስመር የሚሠራ ምስል) ይሁን፤ አለበለዚያ ባነር ላይ ሲጎላ ይፈርሳል። የቴሌግራም ምስል ክብ ስለ ሆነ ጥግ ላይ ጽሑፍ አያስቀምጡ። በ2 ሳንቲ ሜትር አትመውም ይፈትሹት፤ የእኛ የሎተስ ቅጠሎች በማኅተም ላይ ቀለም ተሞልተው ጥቅል ጎመን መስለው ነበር።

ከዚያም ምን እንደ ሆነ ሳይነግሩ ለቤተሰብ ያሳዩት። እኔ የመስመሩን ጫፍ፣ የሚወጣ ትንፋሽ ነው ብዬ፣ ሳልዘጋው ትቼው ነበር፤ እናቴ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግታ አየችውና «ይህን ሰፌድ ማን ጀምሮ ተወው?» አለችኝ።