በሽተኛ ብቻችሁን አታንሱ

ነርሶች ልጆቼ፣ ባለፈው ሳምንት እዚህ ጎንደር ከፒያሳ ወደ ማራኪ በባጃጅ ስሄድ አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ፣ ባጃጁ ጉድጓድ በገባ ቁጥር ወገቧን ያዝ ታደርግ ነበር። ጋውኗን በፌስታል ይዛለች። አዳር ሠርታ መውጣቷ ነው። ዕድሜዋ ከ25 አይበልጥም። «ወገብሽን ነው እንዴ ሲስተር?» አልኳት። «የሥራ ነው፣ ለምጄዋለሁ» አለችኝ።

ለምጄዋለሁ ማለቷ አንጀቴን በላው። እኔም እንደዚያ እል ነበር።

ነርስ ሆኜ ሥራ በያዝኩ በአራተኛው ዓመት፣ አንድ ሌሊት ተረኛ ሆኜ፣ ወደ እግርጌ የተንሸራተተ ሽማግሌ በብብቱ ይዤ ወደ ራስጌ ልስበው ስል ከዳሌዬ እስከ ተረከዜ እንደ እሳት ያለ ነገር ወረደብኝ። ጓደኛዬ እዚያው ነበረች። መድኃኒት እየሰጠች ስለነበር ላስቸግራት አልፈለግኩም። ሰነፍ እንዳልባል ለማንም ሳልናገር እስኪነጋ ቆሜ ሠራሁ። ጠዋት ዲክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ መርፌ ተወጋሁ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት እየተወጋሁ ሠራሁ፣ ጨጓራዬም ታመመ። ልጄን ማዘል አቃተኝ። ታቦት አጅቤ እስከ ፋሲል መዋኛ መሄድ ያልቻልኩበት ጥምቀትም ነበር።

እስቲ ክብደቱን አስቡት። የአንድ 60 ኪሎ ሰው አንድ እግር ብቻ ወደ 10 ኪሎ ይጠጋል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ጥናት ተቋም በሽተኛን በእጅ ለማንሳት ያስቀመጠው ወሰን ደግሞ 16 ኪሎ ገደማ ነው፣ ያውም ሁኔታው ሲመች። ግማሽ ኩንታል ጤፍ የሚያነሳ ሰው ጆንያውን ደረቱ ላይ አስጠግቶ ይይዛል። እኛ ግን አልጋ ላይ ተንጠራርተን፣ ጎንበስ ብለን፣ ወገባችንን ጠምዝዘን ነው የምናነሳው። በሽተኛው በመሃል ሊዝል ወይም አንገታችን ላይ ሊጠመጠም ይችላል። «ጉልበትሽን አጥፈሽ አንሺ» የሚለው ትምህርት ክፉ አይደለም፣ ግን እሱ ብቻውን ወገብ እንደማያድን ጥናቶች አሳይተዋል። ክብደቱን ራሱን መቀነስ ነው የሚያዋጣው።

ስለዚህ አታንሱ፣ ጎትቱ። አንሶላ አጥፋችሁ ከትከሻው እስከ ጭኑ ሥር አንጥፉ። አንዳችሁ በዚህ፣ አንዳችሁ በዚያ ጎን ሁኑና ቆጥራችሁ እኩል ሳቡ። አልጋው ማንሻ ካለው መጀመሪያ እስከ ዳሌያችሁ ከፍ አድርጉት። በሽተኛው የሚችል ከሆነ ጉልበቱን አጥፎ በተረከዙ ይግፋ፣ ብዙዎቻችን ይህን ሳንጠይቀው ነው የምንጎትተው። ሰው ከሌለ ደግሞ በእኛ አገር አስታማሚ ከአልጋው አይጠፋም። «ወንድሜ፣ ተባረክ፣ በዚህ በኩል ያዝልኝ» በሉት፣ አያያዙንም አሳዩት። ማንም አይቀየማችሁም። በየሁለት ሰዓቱ የሚገላበጥ በሽተኛ ካለ ከባልደረባችሁ ጋር ሰዓቱን ቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ ያኔ አንዷ ብቻዋን አትቀርም።

ወገባችሁን ካመማችሁ ለሕሙማን ክፍሉ (ለዋርዱ) ኃላፊ ተናገሩ፣ በጽሑፍም አስመዝግቡ። ብዙው የወገብ ሕመም በሳምንታት ውስጥ ይቀላል። ተኝቶ ከመዋል በልኩ መንቀሳቀስ ይሻላል። እግር ከዛለ፣ ብልት አካባቢ ከደነዘዘ፣ ወይም ሽንት ካስቸገረ ግን በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂዱ፣ ለነገ የሚባል አይደለም። ደግሞ መርፌ እርስ በርስ መወጋጋቱን ተዉት። እዚሁ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒስት፣ ማለት በአካል እንቅስቃሴ የሚያክም ባለሙያ፣ ያሠለጥናል። በሽተኞቻችንን ወደ እነሱ እየላክን እኛ በራችንን ዘግተን የምናቃስተው ለምንድን ነው?

ያቺን ልጅ ማራኪ ስንወርድ «እግርሽን ይደነዝዝሻል ወይ?» አልኳት። ትንሽ ዝም አለች። «ግራውን፣ አንዳንዴ» አለችኝ። ስልክ ተለዋወጥን። ሐሙስ ጠዋት ከአዳር ስትወጣ አብሬያት ፊዚዮቴራፒ እሄዳለሁ።