ካሜራውን ተዉት፣ ደብተሩን እዩ

ኦንላይን አስተምሬ መኖር እችላለሁ ወይ እያላችሁ የምትጠይቁኝ ልጆች በዝታችኋል። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃችሁ ሥራ የምትጠብቁ አላችሁ። ቀን ትምህርት ቤት እየዋላችሁ ደመወዛችሁ ከቤት ኪራይ የማያልፍም አላችሁ። መልሴ አጭር ነው፤ ይቻላል። ግን ቲክቶክ ላይ «በወር ይህን ያህል ዶላር» እያሉ ኮርስ የሚሸጡላችሁ ሰዎች እንደሚሉት አይደለም። እነሱን የሚያበላቸው የእናንተ የኮርስ ክፍያ ነው።

እኔ ጎንደር ውስጥ ሒሳብ ሳስተምር ነው ያረጀሁት። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ በላፕቶፕና በስልክ አስተምራለሁ። ጠመኔውንም ስክሪኑንም ስለማውቃቸው ነው ይህን የምጽፈው።

መጀመሪያ የምትጠይቁኝ ስለ ካሜራ ነው። የቱ ስልክ ይሻላል? ሪንግ ላይት ልግዛ? ኧረ ተዉ! የመስኮት ብርሃን ይበቃል። ገንዘብ ካላችሁ ማይኩ ደህና የሆነ ኢርፎን ግዙ። ተማሪ የደበዘዘ ምስል ይታገሣል፤ የሚያስተጋባ ድምፅ ግን ያደክመዋል። ባዶ ክፍል ውስጥ የምታስተምሩ ከሆነ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ ስቀሉ፣ ለውጡን ራሳችሁ ትሰሙታላችሁ። የዕቃው ጉዳይ ይኸው ነው።

ትልቁ ጉዳይ ሌላ ነው። ታላላቆቻችሁ ፕላዝማን ያስታውሳሉ። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ትልልቅ ስክሪን ገባ። ትምህርቱ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ ይተላለፍ ነበር። ምስሉ ያምራል፣ ግራፉ ይንቀሳቀሳል። እኛ አስተማሪዎቹ ጥግ ይዘን እናያለን። ስክሪኑ ላይ ያለው መምህር «ይህን ሥሩ» ይልና ትንሽ ጊዜ ይሰጣል። ልጁ ጥያቄውን ገልብጦ ሳይጨርስ መልሱ ከች ይላል። እጁን ቢያወጣ የሚያየው የለም። መብራት ከሄደ ደግሞ የዚያ ቀን ትምህርት አብሮ ሄደ። ጎበዝ ጎበዞቹ ተጠቅመውበታል፣ አልክድም። መሐል ላይ ያለው ልጅ ግን ምኑ እንዳልገባው ሳይታወቅለት ክፍለ ጊዜው ያልቃል።

አሁን አብዛኛው ወጣት አስተማሪ ኦንላይን ላይ የሚሠራው ያንኑ ፕላዝማ ነው። ቪዲዮ ይቀርጻል፣ ቴሌግራም ቻናሉ ላይ ይለጥፋል፣ ተከታይ ይቆጥራል። ቪዲዮ እኮ ዩቲዩብ ላይ በነጻ ሞልቷል። ወላጅ ገንዘብ አውጥቶ የሚፈልገው የልጁን ስህተት ቁጭ ብሎ የሚያይለት ሰው ነው። ይህን የምትሠሩ ከሆነ ተማሪ አይጠፋም።

ለዚህ ደግሞ ምሳሌ ፍለጋ ከጎንደር መውጣት አያስፈልጋችሁም። በአታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን አቋቋም፣ ማለትም በከበሮና በጸናጽል የሚታጀበውን ዜማ፣ ሊማሩ ከየአገሩ የሚመጡትን ታውቃላችሁ። የአብነት ተማሪ ተራውን ጠብቆ የኔታ ፊት ይቀጽላል፤ ትምህርቱን በቃሉ ያሰማል ማለት ነው። የተሳሳተ እንደሆነ እዚያው ይመለሳል፤ ካላደረሰ ወደሚቀጥለው አያልፍም። ዓይናቸው የማያይ የኔታዎች እንኳ በጆሯቸው ብቻ አንዲት ስህተት አታመልጣቸውም። «ተማሪዎቼ ዳታ ለመቆጠብ ካሜራ ያጠፋሉ፣ ፊታቸውን ሳላይ እንዴት ላስተምር?» ለምትሉኝ፣ መልሱ እዚያ አለላችሁ።

«ገባችሁ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ሁሉም «አዎ ቲቸር» ነው የሚላችሁ። ያልገባው ልጅ ደግሞ ከሁሉም ቀድሞ ነው የሚለው። ጥያቄ ስጡትና ዝም በሉ። ከዚያ ደብተሩን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይላክ። የመጨረሻው መልስ ብቻ አይበቃም፤ መንገዱን በሙሉ ይላክላችሁ፣ የተሰረዘውም ሳይቀር።

ለምሳሌ ሁለት ቁጥር ደምሮ ስኩዌር ማድረግ የዘጠነኛ ክፍል ልጆችን ሁልጊዜ ይጥላል። ልጁ እያንዳንዱን ቁጥር ለየብቻ ስኩዌር አድርጎ ይደምራል። «ስህተት ነው፣ ፎርሙላው ይህ ነው» ብትሉት ይገለብጠዋል፣ በሳምንቱ ይረሳዋል። ይልቅ በ3 እና በ4 ሞክረው በሉት። ደምሮ ስኩዌር ሲያደርግ 49 ያገኛል። በራሱ መንገድ ሲሄድ 9 እና 16 ደምሮ 25 ላይ ይደርሳል። «የቀረችው 24 የት ገባች?» ብላችሁ ጠይቁትና ጠብቁ። ሦስት ጊዜ አራት 12፣ እሱም ሁለት ጊዜ መሆኑን ራሱ ሲደርስበት በድምፁ ታውቁታላችሁ። ፎቶው ላይ በቀይ አክብባችሁ፣ የአንድ ደቂቃ የድምፅ መልእክት ጨምራችሁ ብትመልሱለት፣ ይህን የትኛውም ቪዲዮ አይሰጠውም። ኔትወርክ ሲዳከምም ይሠራል። ዙም እምቢ ባለ ቀን ፎቶና ድምፅ ይሄዳል።

ዙምን ካነሳን፣ በነጻ የሚሰጠው 40 ደቂቃ አነሰ ብላችሁ አትማረሩ። ከክፍለ ጊዜ ጋር ይቀራረባል፤ ልጅ ከዚያ በላይ ስክሪን ላይ አፍጥጦ አይማርም።

ማንን ታስተምራላችሁ? የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ አለ። በ2015 ዓ.ም. ብሔራዊ ፈተናውን ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። ከ2016 ጀምሮ ፈተናው በከፊል በኮምፒውተር መሰጠቱን ጨምሩበት። ወላጅ ተጨንቋል፣ አጋዥም ይፈልጋል። ግን የተጨነቀን ወላጅ «አሳልፈዋለሁ» ብላችሁ አትዋዋሉት። የምትዋዋሉት የምትሠሩትን ነው፦ በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ፣ ስንት የታረመ ልምምድ።

ሌላው ውጭ አገር ተወልደው አማርኛ የሚማሩ ልጆች ናቸው። እነዚህ ጋ ጆሮ ይፈተናል። ቀ፣ ጠ፣ ጨ ለአፋቸው እንግዳ ናቸው፤ መጥፎ ማይክ ደግሞ ልዩነቱን ይበላዋል። ሀሁን ከማስሸምደድ በፊት ከአያቱ ጋር በስልክ የሚያወራባትን አስተምሩት፤ «እንዴት አደሩ» ብሎ አያቱን ካስደሰተ በሚቀጥለው ቅዳሜ ራሱ ይጠብቃችኋል። ከሕፃን ጋር ስትሠሩ ወላጅ ቤት ውስጥ ይኑር፣ መልእክት ስትጻጻፉም ወላጁ ባለበት ግሩፕ ይሁን። ሳታስፈቅዱ አትቅረጹ። በዚህ ነገር ድርድር የለኝም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። እኛ ጎንደሮች ይሉኝታ ይዞን ዋጋ መናገር እናፍራለን። «ግዴለም፣ የፈቀዳችሁትን» እንላለን። ከዚያ የአክስት ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ፣ የማኅበርተኛ ልጅ ይመጣና ማታችሁ በነጻ ያልቃል። በነጻ ማስተማር ጽድቅ ነው፣ አትተዉት፤ አንድ ቀን ለይታችሁ ስጡት። የቀረው ዋጋው ይታወቅ፣ በወሩ መጀመሪያ ይከፈል። አገር ውስጥ ቴሌብር ይበቃል። ከውጭ የሚልኩላችሁ ጋ ግን ከመጀመራችሁ በፊት መንገዱን ጨርሱ፤ ፔይፓል የሚባለው የኢንተርኔት መክፈያ ኢትዮጵያ ውስጥ ገንዘብ አያስቀብልም፤ ብዙ ወጣት ይህን የሚያውቀው ወር ሙሉ አስተምሮ «ላክሁልህ» ሲባል ነው። በባንክ ወይም በሐዋላ ብትስማሙ ይሻላል። ዋጋ ሰብሮ ተማሪ መሳብም አልወድም። የረከሰ አስተማሪ ብዙ ተማሪ ይይዛል፣ ብዙ ከያዘ ደብተር አያይም፣ ደብተር ካላየ ደግሞ ተመልሶ ፕላዝማ ሆነ ማለት ነው። በአምስት ስድስት ልጅ ጀምሩ።

ቋሚ ሥራችሁንም ቶሎ አትልቀቁ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ለወራት ሳይመለስ ቆየ። ተማሪዎቻቸውን በቴሌግራም ስም ብቻ የሚያውቁ አስተማሪዎች ባንድ ጊዜ ሁሉንም አጡ። ስለዚህ የወላጆችን ስልክ ቁጥር በወረቀት ጻፉ። የሚቀጥለው ሳምንት ልምምድ ሁልጊዜ አስቀድሞ ተማሪው እጅ ይግባ። በአካል የምታስተምሯቸው ሁለት ሦስት ልጆችም እዚሁ ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈርም ይሁን አዘዞ ይኑሯችሁ። ኔትወርክ ሲጠፋ እንጀራችሁ አብሮ እንዳይጠፋ ነው።

አንዲት የሰዓት ነገር ልጨምር፤ ብዙ ተማሪ ያስቀየመች ናት። አሜሪካኖች በዓመት ሁለቴ ሰዓታቸውን ይቀይራሉ፣ እኛ አንቀይርም። ዋሽንግተን ያለ ልጅ ቅዳሜ ጠዋት በነሱ 10 ሰዓት የሚማር ከሆነ፣ በጋቸው ላይ በእኛ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። ጥቅምት መጨረሻ አካባቢ ሲቀይሩ 12 ሰዓት ይሆናል፤ በየካቲት መጨረሻ ወይም በመጋቢት መጀመሪያ ደግሞ ወደ 11 ይመለሳል። አውሮፓ ያሉት የሚቀይሩበት ቀን ይለያል። ለወላጅ ስትጽፉ የእነሱንም የእኛንም ሰዓት ጎን ለጎን አድርጋችሁ፣ ከመቀየሩ ከሳምንት በፊት ላኩ።