አማርኛ የግዕዝ ልጅ ነውን?

ጥያቄ፦ ለትምህርት ቤታችን መጽሔት በሰጠሁት ጽሑፍ ውስጥ «አማርኛ ከግዕዝ ተወለደ» ብዬ ነበር። አርታዒው ሰርዘው «አማርኛ የግዕዝ ዘመድ ነው» አሉት። ከልጅነቴ ጀምሮ የሰማሁት ግን የመጀመሪያውን ነው። የቱ ይጻፍ?

መልስ፦ የአርታዒው ይጻፍ። ግዕዝ ከትግርኛና ከትግረ ጋር በሰሜኑ የኢትዮ-ሴማዊ (የኢትዮጵያና የኤርትራ ሴማዊ ቋንቋዎች) ክፍል ይመደባል፤ አማርኛ ግን ከአርጎብኛ፣ ከሐረሪ፣ ከስልጢኛና ከጉራጌ ቋንቋዎች ጋር በደቡቡ ነው። እናት ሳይሆን አክስት ቢባል ይቀርባል።

ሰውን የሚያሳስተው የቃላቱ ብዛት ነው። «ቤተ መጻሕፍት»፣ «ሊቃውንት»፣ «ሥርዓተ ቅዳሴ» ከነአገባባቸው የግዕዝ ናቸው፤ የገቡት ግን በቤተ ክህነት ትምህርትና በጽሑፍ በኩል ነው። ውሰት ዝምድናን አያረጋግጥም፤ ቢያረጋግጥማ «ኮምፒውተር» በማለታችን ብቻ ከእንግሊዝኛ ጋር በተዛመድን ነበር። ዝምድና የሚፈተነው ሳናስባቸው ከአፋችን በሚወጡት ጥቃቅን ነገሮች ነው።

አሉታን እንውሰድ። ግዕዝ «ኢነገረ» ሲል አማርኛ «አልነገረም» ይላል። ይህች «አል» በአርጎብኛና በሐረሪም አለች፤ በዕብራይስጥም ለክልከላ ታገለግላለች፤ ስለዚህ ጥንታዊት ናት። በግዕዝ ውስጥ ግን እንደ «አልቦ» («የለም») ባለ ቃል ላይ ደርቃ ቀርታለች። እናት የጣለችውን፣ ልጅ ከየት አምጥታ ትወርሳለች?

ሌላም አለ። «ነገረ» ብለው ጮክ ብለው ያንብቡ፤ «ገ» ይጠብቃል። «ይነግራል» ሲሉ ይላላል። ወደ ግዕዝ መምህር ቢሄዱ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፦ «ነገረ» ላልቶ፣ «ይነግር» ጠብቆ ይነበባል።

የግሥ ቦታን ግን ለዚህ ክርክር ባይጠቅሱት እመርጣለሁ። «በቀዳሚ ገብረ እግዚአብሔር ሰማየ ወምድረ» ሲል ግዕዝ ግሡን ያስቀድማል፤ እኛ «ፈጠረ»ን መጨረሻ ላይ እናውላለን። ልዩነቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን የቃላት ቅደም ተከተል ከጎረቤትም ይወሰዳል። አማርኛ ይህን ያገኘው ከአገውና ከሌሎች ኩሻዊ ቋንቋዎች ጋር ተጎራብቶ በመኖሩ ነው የሚለው ሐሳብ በብዙ ምሁራን ዘንድ ተቀባይነት አለው።

በደቡቡ ክፍል ውስጥም ያልጠበቁት ዝምድና ያገኛሉ። የቋንቋ ምሁሩ ሮበርት ሄትስሮን በ1972 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ምደባ፣ በተለምዶ በጉራጌ ስም የሚጠሩትን ስልጢኛንና ዛይኛን ከአማርኛና ከሐረሪ ጋር በአንድ ቅርንጫፍ ሲያስቀምጥ ሌላውን የጉራጌ ቋንቋ፣ ቸሃን፣ ወደ ሌላው ወስዶታል። ስለዚህ ስለ ምደባ ሲጽፉ «ጉራጊኛ» ብለው በነጠላ ከመጥራት «የጉራጌ ቋንቋዎች» ማለት ይሻላል።