አጥሩ ይነዝራል፣ መብራቱ ሌሊት ቆጣሪ ይጥላል

ገና አልፎ ጥምቀት እየደረሰ ነው፣ የመጡልን ጥያቄዎችም ከሞላ ጎደል ስለ በዓል መብራት ናቸው። ሦስቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው የሚያስቸኩል ስለሆነ ከሁሉ አስቀድሜዋለሁ።

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከፍኖተ ሰላም ነው። ለገና ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ገዝተን በቆርቆሮ አጥራችንና በብረት በሩ ላይ ዘርግተነዋል። በጣም ያምራል። ግን ማታ ማታ በሩን ስከፍት እጄን ነዘር ያደርገኛል። ጫማ ካደረግኩ አይሰማኝም። እናቴ «ትንሽ ናት፣ ምንም አትልም» ትለኛለች። እስከ ጥምቀት ብናቆየው ችግር አለው?

መልስ፦ አለው እታለም፣ ትልቅ ችግር አለው። ዛሬውኑ አውርዱት። ጫማ ስታደርጊ አለመሰማቱ ራሱ ነገሩን ይናገራል። ኮረንቲው በሰውነትሽ አልፎ ወደ መሬት እየወረደ ነው፣ ያን ቀን የጫማሽ ሶል ከለከለው እንጂ በሩ ላይ የለም ማለት አይደለም። የእኛ መስመር 220 ቮልት ነው። ከ10 ሚሊአምፒር ገደማ ያለፈ ኮረንቲ የእጅን ጡንቻ ጭብጥ ያደርገዋል፣ ሰው ልልቀቅ ቢልም ጣቱ አይከፈትለትም። ዛሬ አንቺን ነዘር ያደረገ በር፣ ነገ ጤዛ ወርዶበት አንድ ሕፃን በባዶ እግሩ እርጥብ መሬት ላይ ቆሞ ቢይዘው የሚሆነውን ማሰብ አልፈልግም።

አወራረዱም ጥንቃቄ ይፈልጋል። መጀመሪያ አጥሩ ጋ አትሂዱ። ቤት ግቡና ዋናውን ብሬከር አውርዱ፣ ከዚያ ሶኬቱን ንቀሉ። ማጥፊያውን ተጭኖ መተው አይበቃም። ባለ ሁለት እግሩ ሶኬት ተገልብጦም ስለሚገባ ፌዙ፣ ማለትም ኮረንቲ ይዞ የሚመጣው መስመር፣ በየትኛው ሽቦ እንደሄደ አታውቁም፤ ማጥፊያው የቆረጠው መመለሻውን ሽቦ፣ ኒውትራሉን ከሆነ መብራቱ ጠፍቶም ገመዱ ፌዝ ይዞ ያድራል። ልጆቹንና ከብቱን ከአጥሩ አርቁ።

ከዚያ በቀን ብርሃን ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣትሽ እየዳሰስሽ ሂጂ። የቆርቆሮ ጠርዝ ምላጭ ነው። ነፋሱ ገመዱን ባወዛወዘው ቁጥር ፕላስቲኩን ይገዘግዘዋል። እንዲህ ያለ ቤት ተጠርቼ ሄጄ ያገኘሁት ቁስል የምስር ፍሬ አያክልም ነበር፤ ፕላስቲኩ ተልጦ መዳቡ ፍም መስሎ ይታያል፣ የነካው ቆርቆሮ ደግሞ ዙሪያውን ጠቁሯል። ያን በምታክል ቀዳዳ ግቢው በሙሉ ኮረንቲ ሆኖ ነበር። እንዲህ የተላጠ ገመድ በናስትሮ ተጠቅልሎ ወደ ቆርቆሮው አይመለስም። ለወደፊቱ መብራቱን ከእንጨት ቋሚ ላይ ስቀሉት፣ ከተቻለም በአዳፕተር ወደ 24 ቮልት የሚያወርደውን ዓይነት ግዙ፤ አዳፕተሩ ግን ቤት ውስጥ ይቅር።

መብራቱ ተነቅሎ፣ ብሬከሩ ተመልሶ ሲበራ አጥሩ አሁንም ከነዘረ ጥፋቱ ከቤቱ መስመር ወይም ከጎረቤት ነው። በእጅሽ እየነካሽ ግን እንዳትሞክሪው። ቴስተር የያዘ ባለሙያ ይይላችሁ።

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ ነኝ። ግቢያችን ባለው ጥድና በረንዳው ላይ ሦስት ገመድ መብራት አለን። ከምሽቱ አንድ ሰዓት እናበራለን፣ ደህና ያመሻል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ግን ቆጣሪ ይጥላል። ረፋድ ላይ ስናነሣው ምንም ያልሆነ ይመስል ይሠራል። የጠራነው ሠራተኛ «ብሬከሩ ደካማ ነው፣ በትልቅ እንቀይረው» አለን። እንቀይረው?

መልስ፦ አትቀይረው ወንድምዓለም። ሰዓቱን በደንብ መጻፍህ ጠቅሞኛል፣ መልሱ ያለው እሱ ውስጥ ነው። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በታኅሣሥና በጥር ሰማዩ ጥርት ብሎ ሲያድር ብርዱ ይጠናል፣ ወደ ንጋት ጤዛው ሣሩ ላይም ገመዱ ላይም ይወርዳል። ረፋድ ላይ ፀሐይ ታደርቀውና ጥፋቱም አብሮ ይደበቃል።

ብሬከርህ ላይ «ቴስት» የሚል ትንሽ ቁልፍ አለ? ካለ፣ ወደ መሬት የሚሾልክ ኮረንቲን የሚጠብቅ ነው፤ የቤት ውስጡ አብዛኛውን ጊዜ በ30 ሚሊአምፒር ይወርዳል። ሰው እንዲተርፍ ነው እንዲህ ስስ የተደረገው። ቁልፉ ከሌለውና ከወረደ ደግሞ ሁለቱ ሽቦዎች ሾርት እያደረጉ ነው ወይም ጭነቱ በዝቷል። በሁለቱም መንገድ በትልቅ መቀየር ጠባቂውን ማባረር ነው። ለባለ 2.5 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦ የተለመደው 16 አምፒር ነው፣ እዚያ ላይ 32 ቢገባ ብሬከሩ ከመውረዱ በፊት ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ይግላል።

ፍለጋው ቀን አይሆንም፣ ቀን ላይ ሁሉም ንጹሕ ነው። ሌሊት ሲጥል ደረቅ ጫማ አድርገህ፣ ውጭ ያለውን ሳትነካ፣ ሦስቱንም ከቤት ውስጥ ንቀላቸው። ብሬከሩን አንሣና አንድ በአንድ ሰካ። የጣለው እሱ ነው። ጠዋት ነቅለኸው መገጣጠሚያዎቹን ፍታ። ሳልሳሳት አልቀርም፣ ሣር ላይ የተኛ ዲቫይደር ወይም በፌስታል ተጠቅልሎ በናስትሮ የታሰረ ሶኬት ታገኛለህ። ፌስታሉ ውሃ ይከላከላል እየተባለ ይታሰራል፣ ግን የሌሊቱን እርጥበት ውስጡ አፍኖ ይይዘዋል። ስትፈታው ከውስጥ ጠብታ አዝሎ፣ የሶኬቱ እግር አረንጓዴ ዝገት አውጥቶ ታየዋለህ። ዝገት የያዘውን ጣለው።

መገጣጠሚያውን ከመሬት አንሥተህ ከጣራው ክፈፍ ሥር ስቀለው። ክፈፍ ከሌለ አንድ ትልቅ ሃይላንድ ክዳኑን እንደዘጋህ ታችኛውን ቆርጠህ እንደ ባርኔጣ ድፋበት፣ ሁለቱም ገመዶች ከሥር ይግቡ፣ ሥሩ ክፍት ሆኖ ይተንፍስ። ገመዱ ወደ ሶኬቱ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ረገብ ብሎ ሽቅብ ይመለስ፣ ውሃው ከረገበው ላይ ይንጠባጠባል። ካርቶኑንም እየው። «አይፒ» (IP) የሚለው ቁጥር ዕቃው አቧራና ውሃ ምን ያህል እንደሚከላከል ይናገራል፤ «አይፒ 20» ካለ የቤት ውስጥ ነው፣ ለውጭ ቢያንስ «አይፒ 44» ይሁን። ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል የምትዘረጋ ከሆነማ እኛ ጋ ዝናቡ ገና ስለማያባራ ከዚህም በላይ ተጠንቀቅ።

ጥያቄ፦ ቡሬ የምንኖር የሰፈር ልጆች ነን። ጥምቀት ታቦት የሚያልፍበትን መንገድ በመብራት ልናስጌጥ አዋጥተናል። ከገዛናቸው ውስጥ አንዱ ግማሹ አይበራም። ይጠገናል?

መልስ፦ በርቱ። መጀመሪያ መቆጣጠሪያ ሳጥኗ ላይ ያለውን ቁልፍ እየተጫናችሁ ሳይጠፋ የሚበራበት ላይ አቁሙት፣ አንዳንዴ የጠፋ የሚመስለው ተራው ያልደረሰ ነው። ከዚያም ጨለማው ተያይዞ አንድ ቦታ ላይ ከሆነ፣ መብራቶቹ በቡድን በቡድን ተከታትለው ስለሚያያዙ አንዷ ስትቃጠል ወይም ሽቦዋ ሲበጠስ ቡድኑ በሙሉ ይጠፋል። እየዘለለ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ሳጥኗ ነው። የተቃጠለችውን ቆርጦ ሽቦውን ማገናኘት የተለመደ ነው፣ አልወደውም፤ ለቀሩት የሚደርሰው ቮልት ይጨምርና እነሱም ይከተላሉ። አዲስ ከሆነ ወስዳችሁ አስቀይሩት።

የመብራት ኃይል ምሰሶ ላይ አትውጡ፣ ገመድም አትሰሩበት። ገመዱን በመንገዱ ዳርና ዳር ብቻ አስኪዱት እንጂ ወዲያ ማዶ አታሻግሩት። ካህናቱ ጥላውንና የብረት መስቀሉን ከፍ አድርገው ነው የሚያልፉት። ጥር 10 ታቦቱ ከመንበሩ ከመነሣቱ በፊት የተሰካውን ሁሉ ንቀሉ፤ ሕዝቡ ካለፈ በኋላ ማታ መልሳችሁ አብሩት።