መልስ፦ የአቃቂን ባቡር ጣቢያ ከአምስት አሮጌ ፎቶዎች ስለመገንባት

ወንድሜ፣ የአቃቂን ጣቢያ ባለ ሦስት ገጽታ (3ዲ) ሞዴል ልሥራ ስል ሜታሼፕ (ከፎቶዎች 3ዲ ሞዴል የሚሠራው ሶፍትዌር) ከአምስቱ አሮጌ ፎቶዎች ለምን ሁለቱን ብቻ አገጣጠመልኝ ላልከው፣ ሶፍትዌሩ ተበላሽቶ አይደለም። በፎቶዎቹ ላይ የሚታዩ ተመሳሳይ ነጥቦችን በራሱ ለማመሳሰል ፎቶዎቹ ከ60 እስከ 80 በመቶ እንዲደራረቡ ይፈልጋል፤ ያንተዎቹ ግን አንዱ ከፊት፣ ሌላው ከጓሮ የተነሱ ናቸው።

ስለዚህ ዛሬ ቆሞ ካለው ግንብ ጀምር። ደመናማ ቀን ጠብቀህ ዙሪያውን 100 ያህል ፎቶ አንሳና ሞዴሉን ሥራ። ከዚያ አሮጌዎቹን አንድ በአንድ አስገባ። ስካን የሌንሱን ፎካል ሌንግዝ (ሌንሱ ምን ያህል እንደሚያቀርብ የሚወስነውን ልክ) ስለማይነግርህ ለእያንዳንዱ የየራሱን ካሊብሬሽን (የካሜራ ልክ) ስጠው። ያልተለወጡ ቦታዎች ላይ፣ የመስኮት ማዕዘን፣ የደጃፍ ድንጋይ፣ የጣሪያ ጫፍ፣ በእጅህ ማርከር (የነጥብ ምልክት) ትከል፤ በአንድ ፎቶ ቢያንስ 6፣ ቢቻል 10። ሁሉም አንድ ግድግዳ ላይ ካረፉ ፎካል ሌንግዙና ርቀቱ ይምታቱበትና ካሜራውን የማይሆን ቦታ ያስቀምጠዋል። የፊቱንና የጎኑን ግድግዳ ቀላቅል።

የስካኑን ጠርዝ እባክህ አትቁረጥ! የተቆረጠ ፎቶ መሃሉ የሌንሱ መሃል አይደለም። ፎቶው ትንሽ ህትመት ከሆነ በ1200 ዲፒአይ (ነጥብ በኢንች) ስካን አድርገው፣ በቲፍ የምስል ፋይል አስቀምጠው። በኤአይ ማጥራትም ይቅር፣ ያልነበረ ድንጋይ ይፈጥራል።

የሞዴሉን ትክክለኛ መጠን ለመስጠት ሃዲዱ አለልህ። የአሮጌው የጅቡቲ መስመር ሃዲዶች ከውስጥ ጠርዝ እስከ ውስጥ ጠርዝ 1 ሜትር ናቸው። ከውጭ ጠርዝ ከለካህ 10 ሳንቲም ያህል ትስታለህ።

በአንድ ፎቶ ብቻ የታየውን ክፍል ብሌንደር (የ3ዲ መሥሪያ ሶፍትዌር) ላይ በእጅህ ሥራው፤ ግምት መሆኑ እንዲታወቅም በሌላ ቀለም ቀባው።