ከአበባው በፊት ውሃው በየት ይውረድ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ ደሴ ከጦሳ ግርጌ 300 ካሬ ግቢ አለን። ርዝመቱ 25፣ ወርዱ 12 ሜትር ነው። ከቤቱ ኋላ 3 ሜትር፣ በሁለቱም ጎን 1.5 ሜትር፣ ከፊት ለፊት ደግሞ 12 ሜትር ባዶ መሬት ቀርቶናል። የፊቱ ወደ ግቢው በር ቁልቁል ነው፤ በሩ ወደ ምሥራቅ ያያል። አምና ሣር አስተከልን። ሐምሌ ላይ ግማሹን ጎርፍ ወሰደው፣ የቀረው ቢጫ ሆነ። የኋላው ግድግዳም እርጥበት ጀምሮታል። እናቴ አበባና ጥላ ያለው ግቢ ትፈልጋለች። የትኛውን ሣርና የትኛውን አበባ ልግዛ? ከየትስ ልጀምር?»

እህቴ፣ የአበባውን ስም ለጊዜው እናቆየው። የተወሰደው ሣር፣ ቢጫ የሆነው ሣርና የረጠበው ግድግዳ ሦስት ችግር ይመስላሉ እንጂ ምንጫቸው አንድ ነው። ግቢሽ ውስጥ ለውሃ መንገድ አልተሠራለትም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ መጀመሪያ የውሃው መንገድ፣ ቀጥሎ የሰው መንገድ፣ ከዚያ የድንጋዩ ሥራ፣ ተክሉ መጨረሻ። ብዙ ሰው ግን ችግኝ ጣቢያ ሄዶ ያማረውን ይገዛና ግቢ ከገባ በኋላ «የት ልትከለው?» ይላል። ገንዘብ የሚባክነው እዚያ ላይ ነው።

ቁፋሮ ከመጀመርሽ በፊት ግቢውን ወረቀት ላይ አውርጂው። 1 ሴንቲ ሜትር ለ1 ሜትር አድርጊ፤ በዚህ ልክ ግቢሽ በአንድ ኤፎር ወረቀት ላይ ይገባል። ቤቱን፣ በርና መስኮቶቹን፣ የአሸንዳውን መውረጃዎች፣ የውሃ ቆጣሪውን፣ የሴፕቲክ ታንኩን ክዳን አስፍሪ። ቀጥሎ ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላ ይዘሽ ውጪ። ውሃው ከየት እንደሚገባ፣ የት እንደሚተኛ፣ በየት እንደሚወጣ በቀስት ሳዪ። የዚያች ቀን ቀስቶች ከማንኛውም የሚያምር ፎቶ ይጠቅሙሻል።

ቁልቁለቱንም በዓይን አትገምቺው። ግንበኞች የሚይዙትን፣ ውስጡ ያለው ውሃ የሚታይበትን ነጭ ላስቲክ ቱቦ አምጪና አየር ሳይቀርበት ውሃ ይሞላ። አንዱን ጫፍ ሰው ደጃፉ ላይ ቀጥ አድርጎ ይያዝ፣ ሌላውን አንቺ ወደ ግቢው በር ይዘሽ ውረጂ። በሁለቱም ጫፍ ውሃው እኩል ከፍታ ላይ ይቆማል። በሁለቱም ቦታ ከመሬት እስከ ውሃው ለክታችሁ ቀንሱ፤ ልዩነቱ ቁልቁለቱ ነው። ቱቦው አጭር ከሆነ በሁለት ደረጃ ለክታችሁ ደምሩት። እኔ ለማስረዳት ያህል 1.5 ሜትር ይወርዳል ብዬ እቀጥላለሁ። ሌላ ቁጥር ካገኘሽ በዚያ አስተካክዪው።

አሁን ወደ ኋላው እንሂድ። ያ 3 ሜትር ለአበባ አይሆንም፣ ዛፍማ ጭራሽ አይተከልበትም። ከጦሳ በኩል የሚወርደውን ውሃ የምታስቆሚው እዚያ ነው። ከአጥሩ መሠረት ግማሽ ሜትር ፈቀቅ ብሎ፣ ወርዱም ጥልቀቱም 30 ሳ.ሜ የሆነ ቦይ ይቆፈር። ወለሉና ጎኑ በድንጋይና በሲሚንቶ ይያዝ። በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሳ.ሜ እየወረደ በአንዱ ጎን መተላለፊያ ዞሮ እስከ መንገዱ ዲች (የመንገድ ዳር የጎርፍ ቦይ) ይድረስ። ከግድግዳው ጥግ እስከ ቦዩ ያለው መሬት ደግሞ በየሜትሩ 5 ሳ.ሜ ወደ ቦዩ ያዘንብል። ግድግዳሽ የሚደርቀው በዚህ ነው። ይህ ሳይሠራ ቀለም ብትቀቢው በሚቀጥለው ክረምት ተመልሶ ይላጣል።

አንድ ነገር አደራ። ውሃውን ወደ ታችኛው ጎረቤት አትልቀቂው። የላይኛው ጎረቤትም ውሃውን በአንድ በኩል ሰብስቦ እንዲያወርደው ሥራው ሳይጀመር ቡና ተጣጡና ተነጋገሩ። በዚህ ጉዳይ ስንት ጎረቤት ተቀያይሟል።

የጣሪያው ውሃ ለብቻው ይታሰብ። ጣሪያሽ ከነክፈፉ 100 ካሬ ያህል ይሆናል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ እዚያ ላይ 100 ሊትር ነው። 30 ሚሊ ሜትር የወረደበት ከሰዓት ወደ 3,000 ሊትር ያወርድብሻል ማለት ነው። ያ ሁሉ በአሸንዳ መጥቶ ግድግዳ ሥር ከፈሰሰ መሠረቱ ምን ያድርግ? መውረጃውን ወደ ሮቶ አስገቢው፤ ሮቶው ሲሞላ የሚተርፈው በቱቦ ወደ ቦዩ ይሂድ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ትልቅ ሀብት ነው።

የፊቱ 12 ሜትር ነው ደስ የሚለው ክፍል። 1.5 ሜትር የሚወርድ መሬት ላይ ሣር ብቻ መዘርጋት አያዋጣም፤ አይተሽዋል። እርከን ይሠራ። ዳገት በድንጋይ መያዝ ለወሎ ሰው አዲስ አይደለምና ጥሩ የድንጋይ እጅ ያለው ሰው አታጪም። 60 ሳ.ሜ ከፍታ ያላቸው ሁለት የድንጋይ ካቦች ግቢውን ሦስት ሜዳ ያደርጉታል። ግን ሦስቱን እኩል አትክፈያቸው። ከቤቱ ጋር የተያያዘው 6 ሜትር ይሁን፣ የቀሩት ሦስት ሦስት ሜትር። ምክንያቱ ቀላል ነው። እኛ ዘንድ ሰርግ አለ፣ ዱዓ አለ፣ ማኅበር አለ፣ ለቅሶም አለ። ድንኳን የሚተከልበት ሜዳ የሌለው ግቢ የቱንም ያህል ቢያምር በችግር ቀን ይከዳል። ይህን ባዶ ቦታ በአበባ መደብ እንዳትቆራርጪው።

ካቡ ያለ ሲሚንቶ ቢሠራ ይሻላል፤ ውሃ በድንጋዮቹ መሃል ያልፋል። መሠረቱ ከ20 እስከ 30 ሳ.ሜ ይቆፈር፣ የታችኛው ውፍረት ከ40 ሳ.ሜ አይነስ፣ ፊቱ ወደ አፈሩ 10 ሳ.ሜ ያህል ጋደም ይበል። ከጀርባው 20 ሳ.ሜ ጠጠር ይግባ። አፈሩ በአንዴ አይደፋ፤ 20 ሳ.ሜ እየተሞላ ይጠቅጠቅ። የሙሌቱ ከፍታ ከቤቱ ወለል ቢያንስ 15 ሳ.ሜ ዝቅ ይበል፣ ሜዳዎቹም በየሜትሩ ከ2 እስከ 3 ሳ.ሜ ወደ ውጭ ያዘንብሉ። 1 ሜትር የሚደርስ ካብ ካስፈለገ ግን መሐንዲስ ይየው። በሲሚንቶ የሚገነባ ከሆነም የውሃ መውጫ ቀዳዳ ከታች የግድ ነው። ቀዳዳ የሌለው ግንብ ከኋላው ውሃ አጠራቅሞ ይገፋል።

ደረጃው በየ15 ሳ.ሜ ይነሳ፤ ለአንድ ካብ አራት ማለት ነው። መርገጫው 35 ሳ.ሜ፣ ወርዱ 1.2 ሜትር ይሁን። እናትሽ የሚወጡበት ስለሆነ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ እንዳይል ተቆጣጠሪ። መንገዱን ከማስነጠፍሽ በፊት መስመሩን በአመድ አስምሪና ሳምንት ተመላለሱበት። ሰው በሌላ በኩል ካቋረጠ ትክክለኛው መንገድ ያ ነው።

አፈርሽን ደግሞ እንፈትን። 30 በ30 በ30 ሳ.ሜ ጉድጓድ ቆፍረሽ ውሃ ሙዪው። ሲጠጣ እንደገና ሙዪና በሰዓት ስንት ሳ.ሜ እንደወረደ ለኪ። ከ2.5 በታች ከሆነ ውሃ አያሳልፍም። ዋልካ አፈር ወይም የግንባታ ትርፍ የተጠቀጠቀበት መሬት እንዲህ ያደርጋል፤ የሣርሽ ቢጫ መሆን ከዚህ ይመስለኛል። እንዲህ ያለ መሬት ላይ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረሽ ጥሩ አፈር ብትሞዪበት ጉድጓዱ እንደ ገበቴ ውሃ ይዞ ሥሩን ያበሰብሳል። ይልቅ ፍርስራሹን ልቀሚና መደቡን 25 ሳ.ሜ ያህል ከፍ አድርጊው። በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት ደባልቂበት። ዋልካን በአሸዋ ብቻ ማላላት አይሞከር፤ ይደድራል።

ስለ ፀሐይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። 2.5 ሜትር አጥር እኩለ ቀን ላይ ወደ ሰሜን 1.7 ሜትር ያህል ጥላ ይጥላል። በርሽ ወደ ምሥራቅ ስለሆነ ደጃፍ ቆመሽ ወደ በሩ ስታዪ የቀኙ አጥር ደቡብ ነው። ከሥሩ ያለው መሬት በጋውን ሙሉ ቀዝቃዛና ጥላማ ነው። ጽጌረዳውን፣ ጎመኑን፣ ቅመሙን በግራው አጥር ሥር አድርጊ። በቀኙ እንደ ካላ ሊሊ ያሉ ጥላ የሚችሉ ይሁኑ።

አሁን ተክል። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በመኪና ቅርብ ናቸው፣ በአየሩ ግን ወደ 4 ዲግሪ ይለያያሉ። ኮምቦልቻ ዘመድ ግቢ ያየሽውን ፓፓያ ደሴ አምጥተሽ አትድከሚ። ለአንቺ ኮክ፣ ፕሪም፣ አፕል ይሆናሉ። መካከለኛው ሜዳ ላይ አንድ ኮክ፣ ዙሪያውን ጤና አዳም፣ አሪቲ፣ ጦስኝ፣ የጥብስ ቅጠል ይበቃዋል። ታችኛው ሜዳ ላይ ከካቡም ከሴፕቲክ ታንኩም አርቀሽ አንድ ወይራ ትከዪ። ቀስ ብሎ ያድጋል፣ ግን ዕድሜ አለው። እስከዚያ ለእናትሽ ጥላ እንዲሆን ላይኛው ሜዳ ጥግ ላይ ትንሽ ዳስ ሠርተሽ ተንጠላጣይ ጽጌረዳ ልቀቂበት። ባሕር ዛፍና ግራቪሊያ ለዚህ ግቢ አይሆኑም፤ ይገዝፉበታል።

ሣሩን ቀንሺው። አንድ ካሬ ሣር በበጋ በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር ውሃ ይጠጣል። ላይኛውን 72 ካሬ በሙሉ ሣር ብታደርጊው በቀን 300 ሊትር ገደማ ነው። ለቤቱ የቀረበውን 3 ሜትር በጠፍጣፋ ድንጋይ አንጥፊ፣ የቀረውን ብቻ ሰርዶ አልብሺው። ሰርዶ በበጋ ቢደርቅ እንኳ ዝናብ ሲያገኝ ያንሰራራል። ወደ አበባ መደብ ስለሚሾልክ ግን ጠርዙን በድንጋይ ያዢው።

ጊዜውን ከዝናቡ ጋር አስማሚ። ጥር ላይ ለክተሽ ሳዪ፤ የኋላው ቦይ የበልጉ ዝናብ ሳይመጣ ይለቅ። በልጉ ቦዩን ይፈትንልሻል፤ የሚያፈስበትን ቦታ ያኔ ታርሚያለሽ። ካቡና ሙሌቱ እስከ ግንቦት ይጠናቀቅ፣ ችግኙ ሐምሌ መጀመሪያ መሬት ይግባ። ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ ዘንድሮ ቦዩንና አሸንዳውን ብቻ ጨርሺ፣ ካቡ ለከርሞ ይደር።

ቁልቁለቱን ለክተሽ፣ የጉድጓዱንም ውጤት አይተሽ ሁለቱን ቁጥሮች ጻፊልኝ። ከበራችሁ ፊት ለፊት የመንገድ ዲች መኖር አለመኖሩንም አክዪበት፤ ከሌለ የውሃውን መውጫ ከቀበሌው ጋር መነጋገር ይኖርብሻል፣ ቦዩም የሚዞርበት ጎን ሊቀየር ይችላል።