መስኮቱን አይተሃል፤ ሴቲቱንስ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ከእርስዎ ጋር ይሁን። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ኅዳር 2012 ላይ መሥሪያ ቤቴ ለሥልጠና አምስተርዳም ልኮኝ ነበር። አንድ ማታ ከሌሎቹ ሠልጣኞች ጋር ቲኬት ቆርጠን፣ ቀይ መብራት የሚባለውን ሰፈር ከአስጎብኚ ጋር በእግር ዞርን። ሴቶቹ በመስታወት መስኮት ውስጥ ቆመው ነው የሚታዩት። አስጎብኚው ስለ ከተማው ታሪክና እዚያው መሐል ስላለው፣ በእነሱ አቆጣጠር በ1306 ስለተባረከው አሮጌ ቤተ ክርስቲያን አስረዳን። ፎቶ ማንሳት ክልክል ነበር። እሱ ሲያስረዳም ጀርባችንን ለመስኮቶቹ እንድንሰጥ ታዘዝን። እኔ አየሁ እንጂ ማንንም አልነካሁም። አንዷ ግን ከላስቲክ ዕቃ ሩዝ እየበላች ነበር። ዓይን ለዓይን ስንጋጭ ማንኪያዋን አስቀምጣ መጋረጃውን ሳበችው። እሱ ከአእምሮዬ አልጠፋ አለ። ከዚያ ወዲህ ቆርቤ አላውቅም። ቦታው አርክሶኝ ይሆን? ያን ቀን ያደረግኩትን ጫማ እንኳ ሳላደርገው አስቀምጬዋለሁ። ጠበል ልርጨው ወይስ ልጣለው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ጾሙና ስለ ስግደቱ፣ ከቁርባን በፊት ስለሚደረገው ዝግጅት የምነግርህ የለኝም፤ ታውቀዋለህ። ከጫማህ ልጀምር።

ጫማው ምንም አላደረገም። አድርገው። ቅዳሴም አድርገኸው ሂድ፤ በር ላይ ታወልቀዋለህ።

ይህን የምለው ጉዳይህን አቅልዬ አይደለም። እንዲህ ያለ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይመጣልኛል። አንዲት እናት ከሚኖሩበት ብሎክ ሥር ግሮሰሪ ተከፈተና "በዚያ በር አልፌ እንዴት እቆርባለሁ?" ብለው እያለቀሱ ጠየቁኝ። አንድ ወጣት ደግሞ ታክሲ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠችው ልጅ ከጭፈራ ቤት የወጣች መሰለችውና፣ ቤቱ ገብቶ ሱሪውን ጠበል ረጨው። ርኩሰትን እንደ ጭቃ ነው የያዝነው። መንገድ ላይ ይለጠፍብናል፣ ውኃ ሲነካው ይለቃል። ጌታ ግን ሰውን የሚያረክሰው ከሰው የሚወጣው ነው ብሎናል (ማር. 7፥20)። ጠበል ትልቅ በረከት ነው። እኔ ራሴ ድኜበታለሁ። ንስሐን እንዲተካልን ግን አልተሰጠንም።

አሁን አንድ ነገር አስተውል። ስለ ጫማህ ጠየቅከኝ። ስለ ቁርባንህ ጠየቅከኝ። ቦታው አንተን ምን እንዳደረገህ ጠየቅከኝ። ስለዚያች ሩዝ ስትበላ ስላየሃት ሴት ግን አንድም ጥያቄ የለህም። ያነሳሃት እንቅልፍ ስለነሳችህ ብቻ ነው።

"አየሁ እንጂ አልነካሁም" ብለሃል። ሴትን በምኞት ስለማየት የሚናገረውን ማቴዎስ 5፥28ን በቃልህ ስለምታውቀው አልደግመውም። በምኞት አላየሁም ብትለኝም አምንሃለሁ። ግን ምኞቱ ባይኖርስ? ሰው ራቱን ሲበላ ቲኬት ቆርጦ ማየት ምንድን ነው? አንበሳ ግቢ ከፍለን የምንገባው አንበሳ ለማየት ነው። ሰውን እንደዚያ ማየት ግን በእግዚአብሔር መልክ የተፈጠረውን ፍጥረት ማዋረድ ነው። "እዚያ አገር እኮ ሕጋዊ ነው" የሚሉኝም አሉ። አዎ፣ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ቤቶቹ በሕግ ተፈቅደዋል። ለቄሣር ሕግ የሚመለሰው ጥያቄ እሱ ነው። የአንተ ጥያቄ ሌላ ነው።

ደግሞ የራሷ የከተማዋ ሰዎች ያደረጉትን ልንገርህ። አንተ ከተመለስክ ብዙም ሳይቆይ፣ እ.ኤ.አ. በ2020፣ በአስጎብኚ እየተመሩ በእነዚያ መስኮቶች ፊት ማለፍ ተከለከለ። የከተማው አስተዳደር ከሰጣቸው ምክንያቶች አንዱ እነዚህን ሴቶች እንደ ቱሪስት መስህብ ማየት ለዚህ ዘመን አይገባም የሚል ነው። ወንጌል ጠቅሰው አይደለም እንዲህ ያሉት። እኛ ወንጌል ተሸክመን ከእነሱ ማነስ የለብንም።

ያ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ሲባረክ በማን ስም እንደነበር አስጎብኚው ነግሮህ ይሆን? በቅዱስ ኒቆላዎስ ስም ነው። እኛም ታኅሣሥ 10 በስንክሳር የምናስበው ኒቆላዎስ! ታሪኩን ሰምተኸዋል። አንድ ባለጸጋ ደኸየ፣ ከመደኸየቱም የተነሳ ሴት ልጆቹን ለዝሙት ሥራ ሊሰጥ አሰበ። ኒቆላዎስ ይህን ሰማ። በሌሊት ሄደ፣ ወርቁን በመስኮት ወደ ውስጥ ጣለላቸው፣ ማንም ሳያየው ተመለሰ። እርሱም እንዳንተ በሌሊት መስኮት ድረስ ሄዷል፣ ወንድሜ። የሄደው ግን ሊሰጥ ነው። ልጆቹ እንዳያፍሩ ብሎ ፊቱን የደበቀው እርሱ ነው። በዚህ ቅዱስ ስም የተባረከ ሕንፃ ዛሬ ዙሪያውን በእነዚያ መስኮቶች ተከብቧል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል።

ስለ ማየት ካነሳን፣ ፈሪሳዊው ስምዖን ጌታን ለምሳ የጠራበትን ቀን አስብ። በከተማው ኃጢአተኛ የተባለችው ሴት መጥታ እግሩን በእንባዋ አራሰች። ስምዖን ከማዕዱ ሳይነሳ ሲያያት ነበር። ማን እንደሆነች፣ እንዴት ያለች እንደሆነች አውቃለሁ ብሎ በልቡ ፈረደ። ጌታም ወደ ሴቲቱ ዘወር አለና ስምዖንን "ይህችን ሴት ታያለህን?" አለው (ሉቃ. 7፥44)። ቀድሞውኑ እያያት ነው እኮ! ጌታ ግን ገና አላየሃትም እያለው ነው። ስምዖን ያየው ስሟን፣ ዝናዋን፣ ሥራዋን ነው። እንባዋን አላየም። እናንተን አስጎብኚው ጀርባችሁን አዙሩ አላችሁ። ጌታ ፊቱን ነው ያዞረላት።

አንተ ግን ከስምዖን የምትሻልበት አንድ ደቂቃ አለችህ። ማንኪያዋን አስቀምጣ መጋረጃውን ስትስበው አፈርክ። ያን ጊዜ አየሃት። ርቧት የምትበላ፣ ሰው ሲያያት የምትሳቀቅ እህት መሆኗን ያኔ ነው ያወቅከው። ይኸው እስከ ዛሬ የሚወጋህ እሱ ነው። ርኩሰት መስሎህ ልታጥበው አትሞክር። ሕሊናህ ነው፣ ተከተለው።

አምስተርዳም ድረስ ምን አስኬደን? የእኛንም ሰፈር ታውቀዋለህ። ተሳቢ መኪኖች ከሚያድሩበት አካባቢ፣ ከአስፋልቱ ማዶ፣ ሲመሽ በራቸው ላይ ቀይ አምፖል የሚበራባቸው ቤቶች አሉ። ሴቶቹ ዱካ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። መኪና ቀስ ይላል፣ መስታወቱ ግማሽ ድረስ ይወርዳል፣ ስልክ ይወጣል። በማግስቱ ቪዲዮው ቲክቶክ ላይ ይሳቅበታል። ከሳቂዎቹ ውስጥ ማዕተብ ያሰሩ ልጆቻችን አሉ። ስጠይቃቸው "ኧረ ዝም ብለን አየን እንጂ ምን አደረግን?" ይሉኛል። ቃል በቃል ያንተን መልስ ነው የሚሰጡኝ።

ከእነዚያ ቤቶች አንዲት እህት በየወሩ በ21 ለእመቤታችን ትመጣለች። ግቢ አትገባም። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ አውርዳ ከውጭ ግንቡን ትሳለማለች። አንድ ጠዋት ጠጋ ብዬ ሰላም ስላት እጇን ደበቀች። ኩቴክሷን ሌሊቱን በምላጭ ፍቃው ኖሮ ጣቶቿ ደምተዋል። "እመብርሃን በዚህ እጅ እንዳታየኝ ብዬ ነው" አለችኝ። ብዙ አወራን። ከነገረችኝ አንዱን እንድናገረው ፈቅዳልኛለች። "መምህር፣ የሚገባው ሰው ከፍሎ ነው የሚገባው። ቆሞ የሚያየኝ ግን በነጻ ይወስደኛል" አለች። እኔ መጽሐፍ ሳስተምር ብዙ ዓመቴ ነው። ይህን የሚያህል ትርጓሜ አልሰማሁም። አንተም ከፍለሃል፣ ክፍያው ግን ለአስጎብኚው ነው የደረሰው።

እንግዲህ የምልህ ይህ ነው። ከቁርባን የከለከለህ ቦታው አይደለም። ሳትናዘዝ መቅረትህ ነው። ንስሐ አባትህ ዘንድ ስትቀርብ "እንዲህ ያለ ሰፈር ሄጄ ነበር" ብለህ ብቻ እንዳትመለስ። "ሰው ለማየት ከፈልኩ፣ አሳፈርኳት፣ ከዚያም ስለ ራሴ ብቻ ተጨነቅሁ" በላቸው። አገር ቤት ስትመለስ ለጓደኞችህ እንደ ጨዋታ አውርተኸው ከሆነ እሱንም ጨምር። ቀኖናውን እሳቸው ያውቃሉ፣ እኔ አልገባበትም። ለባለቤትህ መቼና እንዴት እንደምትነግራትም ከእሳቸው ጋር ምከር።

እኔ የምጨምርልህ አንድ ነገር ብቻ ነው። ለዚያች ሴት ጸልይላት። ስሟን አታውቅም፣ አይቸግርህ። "መጋረጃውን የሳበችውን እህቴን አስባት" በል፤ እግዚአብሔር የትኛዋ እንደሆነች ያውቃል። ኒቆላዎስ የጣለው ወርቅ ከሌለህም፣ ከደመወዝህ ላይ ትንሽ ቆርጠህ ግንቡን ለምትሳለመው እህታችን የሙያ ሥልጠና አግዘን። ፀጉር ሥራ መማር ትፈልጋለች። ሰንበት ትምህርት ቤቱ ቢሮ መጥተህ እኔን ጠይቅ፤ ስምህንም ፊትህንም አታውቀውም።

ለንስሐ አባትህ ግን ዛሬውኑ ደውልላቸው።